የወይዘሮ ዓይናዲስ እንጉዳይና የመሪጌታ ካባ

ወይዘሮ ዓይናዲስ ደመቀ እውነትን የምታስከብራቸው በሆነ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ የምታዋርዳቸው በመሰላቸውም ጊዜ የተናገሩ ሴት ናቸው። ይህ በአንደበት ሲሉት ቀላል ነው፤ በሰው ፊት ቆመው ሲያደርጉት ግን ጸጋን ይጠይቃል። እግዚአብሔርም ያን ጸጋ ለእኚህ እናት የሰጣቸው በዐውደ ምሕረት ወይም በሸንጎ ሳይሆን፣ አንድ ሰፌድ ሙሉ እንጉዳይ ከፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ነው።

አገራቸው ጥድ አፋፍ ይባላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት የጎንደር ከተማ የቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ የሚታይበት ደጋ ነው። በመካከሉ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋን ጥድና ወይራ፣ ኮሶና ግራር እንደ ካህናት ቆመው ይከቧታል። ከዚያ ዐጸድ ቅርንጫፍ መስበር ነውር ነው። መሬቱን መቆፈር ደግሞ ከነውርም በላይ ነው፤ አባቶችና እናቶች ያረፉበት አፈር ነውና፣ በዶማ ቀርቶ በጭራሮ እንኳ የሚጭረው የለም። ይህ ልማድ ልብ ይባል፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እርሱ ነው።

የወይዘሮ ዓይናዲስ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚያ ዐጸድ ጠባቂ ነበሩ። ክረምት በገባ ቁጥር ከዝናብ በኋላ ከሣሩ ብቅ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ አንድ በአንድ እየለዩ ለልጃቸው አስተማሩ። «ባርኔጣውን አይተሽ አትመኚው» ይሏት ነበር። «ገልብጪና ሆዱን እዪ። ከነሥሩ ንቀይና እግሩን እዪ። አሽትተሽ ጠረኑን ጠይቂ። አንዱ እንኳ ካጠራጠረሽ ጥለሽው ሂጂ።»

ትምህርቱም ይህ ነበር። ከብት በሚውልበት መስክ ላይ የሚበቅለው ደጉ እንጉዳይ፣ ለጋ ሳለ ሆዱ እንደ ጠቦት ምላስ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ሲበስል እየጠቆረ ይሄዳል፤ እግሩም ራቁቱን ነው። አገሬው የጅብ ጥላ የሚለው ክፉው ግን ከዛፍ ሥር መዋል ይወዳል። ሆዱ ከልጅነቱ እስከ እርጅናው ነጭ ነው፤ እግሩም ከአፈሩ ውስጥ፣ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ከረጢት ተሰክቶ ይገኛል። ይህን የበላ ሰው ዕለቱን ምንም አይሰማው ይሆናል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም አይመለስም። «ስለዚህ ቀምሼ እለየዋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ፣ ማዕዱን ትተሽ ውጪ» ይሉ ነበር አባትየው፣ ይህን ሲናገሩ ብቻ ፈገግታቸውን ሰብስበው።

አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ ነበር። አባትየው በአንድ ክረምት የለቀሙትን እንጉዳይ ሆዱን ወደ ታች አድርገው በጥቁር በርኖሳቸው ላይ አስቀምጠውት ቢያድሩ፣ ጠዋት ባነሡት ጊዜ አንዳንዱ ከሥሩ እንደ ፀሐይ ጮራ የተዘረጋ ነጭ ብናኝ ጥሎ አገኙት። ሲመረምሩት ጊዜ፣ ነጭ ብናኝ የሚጥለው የጅብ ጥላው ሆነ። የመስኩ እንጉዳይ የሚጥለው ብናኝ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው፤ እርሱም በነጭ ጨርቅ ላይ ደኅና አድርጎ ይታያል። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ነገሩ ባጠራጠራቸው ጊዜ ሁሉ፣ የእንጉዳዩን ግማሽ በነጭ ነጠላ፣ ግማሽ በጥቁር በርኖስ ላይ አድርገው፣ ነፋስ እንዳይበትነው የሸክላ ጣባ ደፍተውበት ያሳድሩት ነበር።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ይህን ዕውቀት ለስእለት አዋሉት። አንዲት ልጃቸው ማስተዋል በሕፃንነቷ በብርቱ ትኩሳት በወደቀች ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ተንበርክከው፣ «ልጄን ብታድኚልኝ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ፣ በእጄ የለቀምሁትን እንጉዳይ ወጥ ሠርቼ በደጅሽ ሱባኤ የያዙትን አበላለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጅቱ ዳነች፣ አደገች፣ ተማረች፤ ዛሬ ጎንደር ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ አዘዞ ላይ ቤት ሠርታ ትኖራለች። ስእለቱም አንድ ዓመት ሳይታጎል ኖረ። በዐጸዱ ውስጥ በሣር ጎጆ ሰንብተው ቆሎና በሶ ብቻ ሲቀምሱ ለሚከርሙት ሱባኤተኞች፣ ያች ትኩስ ወጥ የምትቀርብባት የጾሙ የመጨረሻ ቀን እንደ በዓል የምትጠበቅ ነበረች።

ከሁለት ክረምት ወዲህ ግን በወይዘሮ ዓይናዲስ ዓይን ላይ ጉም ወረደ። በመጀመሪያ የደጋው ጉም መሰላቸው። በበጋ ቀንም አልነሣ ሲል ግን ነገሩን ተረዱት። ብርሃንና ጨለማ፣ ነጭና ጥቁር ይለያሉ፤ በመካከል ያለው መልክ ሁሉ ግን ውኃ እንደ ፈሰሰበት ጽሑፍ ተቀላቀለባቸው። ለማንም አልተናገሩም። ሰውን በድምፁ ያውቁታል፤ ዝም ብሎ የመጣውን ደግሞ ቀድመው ሰላም ይሉና ሲመልስ ማንነቱን ያውቃሉ። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል።

የደበቁትም በከንቱ አልነበረም። ማስተዋል በስልክ ባገኘቻቸው ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው።

«እማዬ፣ ምነው አዘዞ ወርደሽ ከእኔ ጋር ብትኖሪ?»

«አዘዞ ወርጄ ምን ልሥራ?»

«ታርፊያለሽ፤ ቴሌቪዥን ታያለሽ።»

«እኔ ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀደሰውን ሳልጠግብ፣ ሳጥን ውስጥ የሚለፈልፈውን ልይ?»

ልጅቱ ስቃ ትተወዋለች። እናት ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በልባቸው የሚያሰሉት ሌላ ነው። ዓይናቸው መድከሙ ከታወቀ ልጃቸው ትወስዳቸዋለች። ከወሰደቻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ያሉት ስእለት ይቋረጣል። ስለዚህ ዝም አሉ። አምናንም በአፍንጫቸውና በእጃቸው ጣት እየተራዱ፣ እየፈሩም ቢሆን ተወጡት።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ ዝናቡ በረታ። ወይዘሮ ዓይናዲስ እንደ ልማዳቸው በዐጸዱ ከተቀለሱት ጎጆዎች በአንዲቱ ሱባኤ ያዙ። ጎረቤታቸው አበቡ ከጎናቸው አለች፤ በጉልምስና ዕድሜ ያለች፣ አፏ ለቀልድ የፈጠነ፣ እጇም ለሥራ የማይሰንፍ ሴት ናት። ከማዶ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማሆይ ወለተ ሚካኤል ነበሩ፤ ጥርስ የሚባል አልቀረላቸውም። የጾሙ መጨረሻ በተቃረበ ቁጥር፣ «ዓይናዲስ፣ ያ ጥርስ የማይጠይቅ ወጥሽ መቼ ነው?» እያሉ እንደ ሕፃን ይጠይቃሉ። በየማለዳው ለሕዝቡ ውዳሴ ማርያምን የሚተረጉሙት ደግሞ መሪጌታ ሐዲስ ናቸው፤ ያን ብርዳም ወራት የሚሻገሩባት አንዲት ጥቁር ካባ አለቻቸው።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ወይዘሮ ዓይናዲስ ወደ መስኩ መውጣቱን ነገ ዛሬ ሲሉ ቆዩ። መንገዱ አንሸራታች ነበር፤ ዓይናቸውም ከአምናው ይልቅ ፈዝዟል። ይህን ያየች አበቡ ደክሟቸው መሰላትና፣ ላስደስታቸው ብላ አንድ ነገር አሰበች። በጾሙ መጨረሻ ዋዜማ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ በዐጸዱ ውስጥ ባለው ገላጣ ሣርና በጥዶቹ ሥር የበቀለውን እንጉዳይ ሁሉ ሰብስባ፣ አጥባ፣ በሰፌድ ሞልታ መጣች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ መስክ መውረድ ቀረልዎ! በረከቱ ከደጃችን በቅሎ ነው የተገኘው» አለች ሰፌዱን ከፊታቸው እያኖረች።

ወይዘሮ ዓይናዲስ እጃቸውን ሰደዱ። እንጉዳዩ ብዙ፣ ወፍራምና ለስላሳ ነበር። አንዱን አንሥተው ጣታቸውን ወደ እግሩ ቢሰዱ፣ እግር የለም። ሁለተኛውን አነሡ፤ እርሱም እንደዚያው በቢላዋ የተቆረጠ ነው።

«እግሩስ አበቡ?»

«የምን እግር?»

«የእንጉዳዩ እግር ነዋ! ሥሩ፣ ከአፈር የነበረው።»

«ኧረ በስመ አብ! የቤተ ክርስቲያን መሬት ልቆፍር ነው? ከላይ ከላይ በቢላዋ ቆርጠን፣ አፈሩን ሳንነካ፣ እንደ ሥርዓቱ አድርገን ነው የሰበሰብነው።»

እውነቷን ነበር። አክብራ ያደረገችው ነው። ነገር ግን የጅብ ጥላው የሚታወቅበት ያ ከረጢት በአክብሮቱ ምክንያት ከአፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ጠረኑን ለማወቅ አሸተቱ፤ በውኃ ታጥቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ውሏል፤ ሁሉም የእርጥብ ሣር ጠረን ብቻ ሆኖባቸዋል። ገልብጠው ሆዱን ወደ ብርሃኑ አዞሩ፤ ነጭ ይሁን ቀላ ያለ፣ ከጉሙ ጀርባ አልታያቸው አለ። የቀረው የአባታቸው ብናኝ ብቻ ነው።

«ይህ ዛሬ አይሠራም፤ ይደር» አሉ። «አንድ ጥቁር ነገር ፈልጊልኝ።»

አበቡ ዞር ዞር ብላ አየች። ሱባኤተኛው ሁሉ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሷል። «ጥቁር ከየት ይመጣል? ጃንጥላ ይሆናል?»

«ጃንጥላው ሁሉ እርጥብ ነው፤ ብናኝ አይዝም።»

በዚህ መካከል መሪጌታ ሐዲስ ካባቸውን ደርበው ብቅ አሉ። ሁለቱ ሴቶች ካባውን አዩት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉ መሪጌታ።

«የኔታ፣ ለአንድ አዳር ካባዎን ቢያውሱኝ» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ።

«እኔስ ምን ልለብስ ነው?»

«የእኔን ጋቢ እሰጥዎታለሁ፤ ከካባው ይሞቃል» አለች አበቡ።

«ለማን ልታለብሱት ነው ካባዬን?»

«ለእንጉዳይ።»

መሪጌታ ካባውን እያወለቁ፣ «በዚህ ደብር ስንት ዘመን ሳገለግል ካባ የሸለመኝ የለም፤ እንጉዳይ ግን በአንድ ቀን ካባ ለባሽ ሆነ» ብለው ሰጡ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ከሰፌዱ የተዘረጉትን መርጠው፣ ከየቦታው አንዳንድ እያነሡ፣ ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ፣ ግማሹን በካባው ላይ አድርገው ደረደሩ፤ ጣባም ደፉበት። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ እመቤታችን ታውቃለች።

በማለዳ ትርጓሜው ሲያበቃ ሁሉም ተሰበሰበ። አበቡ ጣባዎቹን አነሣች። ወይዘሮ ዓይናዲስ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ነጭና ጥቁሩን ያ ጉም ገና አልከለከላቸውም ነበርና፣ በጥቁሩ ካባ ላይ ነጭ ጮራ ያላቸው ክቦች ፍንትው ብለው ታዩአቸው። በነጩ ነጠላ ላይ ደግሞ፣ ከሌሎቹ እንጉዳዮች ሥር፣ የጠቆሩ ክቦች ነበሩ። ክፉውና ደጉ በአንድ ሰፌድ ተቀላቅለዋል።

ቀና አሉ። «ይህ ሁሉ ይጣል።»

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ሙሉ ሰፌድ?» አለች አበቡ።

«ሙሉ ሰፌድ።»

«ክፉውን ብቻ ለቅመው ቢያወጡትስ? ለእርስዎ ይህ ምን ይከብዳል? እንደ ልማድዎ አንድ በአንድ እያነሡ መለየት አይደለም እንዴ?»

እማሆይ ወለተ ሚካኤል በትራቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ወደ ሰፌዱ አስግገው ይጠብቃሉ። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ ዓይናዲስ ሁለት መንገድ ታያቸው። እንደ አምናው ጣታቸውን እየላኩ የለዩ መስለው ጥቂቱን ማስቀረት ይችላሉ፤ ስእለቱም ይደርሳል፣ ምስጢሩም ይጠበቃል። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ውስጥ አንዲት ነጭ ብትሾልክ፣ ወደዚያች ጥርስ ወደሌላት ቅድስት አፍ ልትገባ ነው። ሌላው መንገድ እውነቱን መናገር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ያለው ደግሞ አዘዞ ነው።

«አልችልም» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «አላየውም። ዓይኔ መልክ መለየት ካቆመ ሰንብቷል። ነጩንና ጥቁሩን ካልሆነ በቀር አላይም። ደብቄያችሁ ነበር፤ አበስ ገበርኩ።»

እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ «ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የተንቀጠቀጥሽው?» አሉ።

«እማሆይ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«እኔ ከአንቺ የባሰ ዓይን ይዤ አውቄዋለሁ፤ እነዚህማ!»

አበቡ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ልትይዘው ሞክራ አልሆነላትም። «እትዬ፣ እኛ እኮ ካወቅን ከረምን። በዳግም ትንሣኤ የአያ ዳኛውን አህያ ‹እንዴት ሰነበቱ አያ ዳኛው፣ ምነው ጠፉ› አላሏትም?»

«በሞቴ?»

«በሞትዎ! ደግሞ ስለ ባለቤቱ ጤና ጠየቋት።»

«አህያይቱስ ምን አለች?» አሉ እማሆይ።

«ጨዋ ናት፤ ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች።»

ሳቁ ከጎጆ ወደ ጎጆ ተላለፈ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ራሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ፤ ሲስቁም ያ ሁለት ክረምት የተሸከሙት ነገር ከትከሻቸው ሲወርድ ተሰማቸው።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?»

«እርስዎ ሲደብቁ፣ እኛ እንዳላወቀ ስንሆን፣ ሁላችንም ደከምን እንጂ ምን አተረፍን» አለች አበቡ። «ለእንጉዳዩ ግን እጅና አፍንጫዎ ይበቃዎታል ብለን ነበር። እግሩ እንዲህ የሚያስፈልግ መሆኑን ማን አወቀ!»

ወይዘሮ ዓይናዲስ እንደገና ፊታቸው ደመነ። «ያም ሆነ ይህ ስእለቴ ዛሬ ቀረ። በእጄ የለቀምሁትን ብዬ ነበር የተሳልሁት።»

መሪጌታ ሐዲስ የአበቡን ጋቢ እንደ ካህናት ልብስ ላንቃ በትከሻቸው ጣል አድርገው ይሰሙ ነበር። «ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ እጅዎ እዚሁ አለ። ዓይን የጎደለ እንደሆነ እኛ እናዋጣለን። ቅዳሴ እስኪገባ ገና ነው፤ ዝናቡም ጋብ ብሏል። መስኩ የት ሄደ?»

የዚያን ሰፌድ እንጉዳይ ከዐጸዱ አርቀው፣ ከብት እንዳያገኘው ከገደሉ ጫፍ ቀበሩት፤ እጃቸውንም ታጠቡ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ወይዘሮ ዓይናዲስን በመካከል አድርገው፣ መሪጌታን አስቀድመው ወደ መስኩ ወረዱ። ዛፍ ከሌለበት፣ ከብት ከሚውልበት ክፍት ሣር ላይ ብቻ እንዲለቀም ታዘዘ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ በጭራሮ ሥሩን እየፈለፈሉ፣ ከነእግሩ እያነሡ ያመጡላቸው ጀመር። እርሳቸው እግሩን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ያሸታሉ፤ የሆዱን መልክ ግን ሌላ ሰው ሊነግራቸው ግድ ሆነ።

«ሆዱ ምን ይመስላል?» አሉ የመጀመሪያውን ይዘው።

«ሸጋ ነው» አለች አበቡ።

«መልኩን ነው የጠየቅሁሽ፤ ልትድሪው ነው እንዴ?»

«መልኩማ… ቀላ ብሎ… እንዲያው… እንዴት ልበልዎ?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው መረመሩ። «ጽጌረዳ ይመስላል።»

«የኔታ፣ ጽጌው ገና ነው፤ አሁን ፍልሰታ ላይ ነን» አለች አበቡ፤ መሪጌታም ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም።

«የጠቦት ምላስ ይመስላል አይመስልም? እርሱን ብቻ ንገሩኝ» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ።

«ይመስላል! እውነትም የጠቦት ምላስ ነው!»

«እግሩ ደግሞ ራቁቱን ነው፤ ከረጢት የለውም። ይህ ወደ ሰፌዱ ይግባ።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ጥቂት ከቆየ በኋላ አበቡ ሳትጠየቅ፣ «ምላስ! ምላስ! ይህኛው አርጅቷል፣ ቡና ሆኗል!» እያለች ትጮኽ ጀመር። አንድ ጊዜ መሪጌታ ከመስኩ ዳር፣ ከአንዲት ግራር ሥር ትልቅና ያማረ እንጉዳይ አግኝተው እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው አመጡ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ጣታቸውን ወደ እግሩ ሰደዱና ቆም አሉ።

«ሆዱስ የኔታ?»

«ነጭ ነው። እንደ በረዶ።»

«ይህ ከረጢት አለው፤ እነሆ ይዳስሱት። ካባዎ ላይ ያደረው ይህ ነው።»

መሪጌታ እንጉዳዩን ወዲያው ጣሉት፤ እጃቸውንም በእርጥቡ ሣር ደጋግመው ጠረጉ። «እንዲህ አምሮ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። በዚያ ማለዳ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተማረ፤ በአንዲት ሴት ጣት ብቻ የነበረው ዕውቀት በብዙ ዓይን ተዘራ። ወይዘሮ ዓይናዲስም ከድንጋያቸው ላይ ሆነው ያን ጫጫታ ሲሰሙ፣ ስእለታቸው እርሳቸው ቢያልፉ እንኳ የሚታጎል እንዳልሆነ ገባቸው።

ቅዳሴ ገባ። መሪጌታ ካባቸውን ደጋግመው አራግፈው ነበር፤ የዝናቡ ወራት እርጥበት ግን ብናኙን ከሱፉ አጣብቆት፣ ከትከሻቸው በታች ሁለት ፈዛዛ ነጭ ክቦች ቀርተዋል። ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከኋላቸው ሆነው በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጓቸው።

«ሐዲስ ልጄ፣ ይህ ሕዝቅኤል ያየው መንኮራኩር ነው ወይስ ሌላ?»

«እማሆይ፣ እርሱስ በዓይን የተሞላ ነበር፤ ይህኛው ዓይን ለጠፋበት የተላከ ነው» አሉ መሪጌታ።

ከዐጸዱ በር ውጪ እሳት ተያይዞ፣ ሽንኩርቱ በዘይት ተቁላላ፤ በርበሬው ገባ፣ እንጉዳዩም ተከትፎ ተጨመረ። ድስቱን ያማሰሉት ወይዘሮ ዓይናዲስ ራሳቸው ናቸው፤ ለዚህስ ዓይን አላስፈለጋቸውም። ማዕዱ ተባርኮ የመጀመሪያው ጉርሻ ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል ተሰጠ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አላምጠው ዋጡና፣ «ከአምናው ይሻላል» አሉ።

«ምነው እማሆይ? ቅመሙ ያው ነው።»

«አምና እጅሽ ፈርቶ ነበር የሠራው።»

በማግስቱ፣ በፍልሰታ በዓል፣ ማስተዋል ከአዘዞ በሚኒባስ ተነሥታ፣ ቀሪውን በእግሯ ወጥታ ደረሰች። ወይዘሮ ዓይናዲስ አበቡ እንዳትቀድማቸው ፈጥነው፣ ገና ሳትቀመጥ ነገሯት። «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። ደብቄሽ ነበር፤ ትወስጂኛለሽ ብዬ ፈርቼ።»

ልጅቱ የእናቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ በብሌኑ ላይ የተጋረደውን ነጭ ሞራ አየች፤ እንባዋም መጣ። ከዚያ ግን ሳቀች። «እማዬ፣ እኔ የምወስደው ዓይንሽን ብቻ ነው። ይህን ሐኪም ይገፈዋል። የቀረው አካልሽ ወደ ጥድ አፋፍ ይመለሳል።»

«ማርያምን በይ?»

«ማርያምን!»

ወረዱም። ሐኪሙ አስቀድሞ የቀኙን ዓይን ሠራላቸው፤ ሁለተኛውን ከጥምቀት በኋላ ቀጠረላቸው። አዘዞ ላይ ሰነባብተው፣ የልጃቸውን ቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመስቀል ደመራ ሲተላለፍ አይተው፣ «ይህስ ሸጋ ነው» አሉ፤ ከዚያ የሚመለሱበትን ቀን መጠየቅ ጀመሩ።

ወደ ጥድ አፋፍ በተመለሱ ዕለት ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ ዓይናዲስ ከአፋፉ ላይ ቆመው ያን ቢጫ እየተመለከቱ ብዙ ቆዩ። በመንገዱ አያ ዳኛው አህያቸውን እየነዱ መጡ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ሁለቱንም ደኅና አድርገው ተመለከቱና፣ ለባለቤቱ ጎንበስ ብለው፣ «እንዴት ሰነበቱ አያ ዳኛው፣ ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?» አሉ። ቀጥለውም ወደ አህያይቱ ዞረው፣ «አንቺም እንዴት ሰነበትሽ፤ ባለፈው ይቅርታሽን አልጠየቅሁም» አሏት።

«ዘንድሮስ አላምታቱንም» አሉ አያ ዳኛው እየሳቁ።

ከዐጸዱ በር መሪጌታ ሐዲስ ከሕዝቡ ጋር ሊቀበሏቸው ቆመው ነበር። ወይዘሮ ዓይናዲስ ደጁን ተሳልመው ከመሪጌታ ኋላ ሲያልፉ ድንገት ቆሙ። «የኔታ፣ ምነው ካባዎን እስካሁን አላሳጠቡም? ሁለት ክብ አለበት፤ የግራው ከቀኙ ይሰፋል።»

መሪጌታ ወደ ሕዝቡ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን እስኪነግሩኝ ነው ሳላሳጥብ የጠበቅሁት። ዓይናቸው ድኗል፤ አሁን ሳሙና አምጡልኝ።»

የወይዘሮ ዓይናዲስን ብርሃን የመለሰ አምላክ የልባቸውን ብርሃን አያጥፋባቸው፤ ድስታቸው አይጉደል፣ ደጃቸው ከእንግዳ አይራቅ። ማስተዋልን በቤቷ ያክብርላቸው፤ ስእለታቸውን ከዓመት ዓመት ያድርስላቸው። አሜን።